ቡናው ሳይቀላ የሚመጣ ሕመም

(በራዲዮ ፕሮግራማችን ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)

ቢስሚላሂ አር-ረህማኒ አር-ረሂም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



የዛሬው ዝግጅታችን ስለ ሒሳብ ነው። በኮሌጅ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ስለሚማሩት ስታትስቲክስና ኢኮኖሚክስ፣ እንዲሁም ስለ ጤና መድን እንነጋገራለን። «እኛ ገበሬና ነጋዴ ነን፤ ይህ የተማሪ ጉዳይ ነው» ብላችሁ ሬዲዮውን እንዳትዘጉት አደራ እላለሁ። ጉዳዩ በየቤታችን ያለ፣ ነገ ማንኛችንንም ሊያገኘን የሚችል ነውና።

ባለፈው ክረምት ወደ ከፋ ዞን ሄጄ በቦንጋ ዙሪያ የሚኖር አንድ ወንድማችንን ጠይቄ ነበር። ይህ ወንድማችን ቡና አምራች ነው፤ ጥቂት የንብ ቀፎዎችም አሉት። ሴት ልጁ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የመጀመሪያ ዓመቷን ጨርሳ ለእረፍት መጥታለች። ደብተሯን ዘርግታ ስታነብ አባቷ አይቶ፣ «ልጄ፣ ይህ አማካይ፣ ስጋት፣ ናሙና የምትሉት ነገር ለእኛ ቤት ምን ይፈይዳል?» አላት።

ልጅቷ ትንሽ ዝም ብላ፣ «አባ፣ እማዬ ዓምና ኦፕራሲዮን ስትደረግ ስንት ብር ወጣ?» ብላ ጠየቀችው።

«ሃያ ሺህ ብር» አላት።

«አይደለም አባ፤ የወጣው አርባ ሺህ ብር ነው» አለችው።

አባት መልስ አልሰጠም። እኔም ነገሩ ስላልገባኝ እንድታስረዳኝ ጠየቅኋት። ወንድሞችና እህቶች፣ ያን ዕለት ከአንዲት ወጣት ተማሪ የሰማሁትን፣ በኋላም አንብቤ ያጣራሁትን ነው ዛሬ የማካፍላችሁ።

የሕመም እውነተኛ ዋጋ

እናትየው የታመሙት በሰኔ ነው። በከፋ ምድር ቡና የሚያብበው ከበልግ ዝናብ ጋር ነው፤ ቀልቶ የሚለቀመው ደግሞ በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው። በሰኔ ፍሬው ገና አረንጓዴ ነው። ካለፈው ዓመት የተሸጠው ቡና ገንዘብ ደግሞ በልብስ፣ በትምህርት ቤት ወጪና በቀለብ አልቋል። ቤቱ ባዶ በሆነበት ወር ሕመም መጣ። የቡና አገር ቤቶች ይህን ጊዜ ያውቁታል።

ስለዚህ አባት አንድ ነጋዴ ዘንድ ሄዶ ዛፍ ላይ ያለውን አረንጓዴ ቡና ሸጠ። ሃያ ሺህ ብር ተቀበለ። ያው ቡና ተለቅሞ፣ ጀንፈል ሆኖ ታኅሣሥ ላይ ሲመዘን በገበያው አርባ ሺህ ብር የሚያወጣ ነበር። ሐኪም ቤት የተከፈለው ሃያ ሺህ ነው፤ ቤተሰቡ ያጣው ግን አርባ ሺህ ነው። ኢኮኖሚስቶች የአንድን ነገር ዋጋ ሲያሰሉ ከኪስ የወጣውን ብር ብቻ አይቆጥሩም። ያንን ለማግኘት ሲባል የቀረውን፣ ያመለጠውንም ጭምር ይቆጥራሉ። ልጅቷ ለአባቷ የነገረችው ይህንን ነው።

ሌላው ሰው ደግሞ ቡና ሳይሆን በሬውን ይሸጣል፤ ወይም አራጣ አበዳሪ ዘንድ ይሄዳል። የአራጣን ጉዳይ ለሙስሊም ቤተሰብ መዘርዘር አያስፈልግም፤ ወለድ በግልጽ የተከለከለ ነው። ዛፍ ላይ ያለ ያልበሰለ ፍሬ መሸጡን ግን ብዙዎቻችን እንደ ቀላል ነገር እናየዋለን። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ፍሬ ለመብሰል መድረሱ ሳይታይ እንዳይሸጥ መከልከላቸው በቡኻሪና በሙስሊም ዘገባዎች የተረጋገጠ ነው። ምክንያቱንም ሲገልጹ፣ አላህ ፍሬውን ቢከለክል አንዱ የወንድሙን ገንዘብ በምን መብት ይወስዳል የሚል መልእክት ያለው ጥያቄ አንስተዋል። የምርቱ ዓይነት፣ መጠኑና የሚረከብበት ቀን ተለይቶ፣ ዋጋው በሙሉ አስቀድሞ የሚከፈልበት የሰለም ውል የተፈቀደ ነው። «የዚህን ዛፍ ፍሬ እንዳለ ውሰደው» ማለት ግን ከዚያ የተለየ ነው።

እንግዲህ ችግሩ ሁለት ነው። ዱንያችንም ይጎዳል፣ ሃይማኖታችንም ይፈተናል። ሁለቱም የሚመጡት ሕመሙና ገንዘቡ በተለያየ ወር ስለሚደርሱ ነው።

አማካይ የማንም ሒሳብ አይደለም

አሁን ወደ ደብተሩ እንመለስ። የመጀመሪያው ቃል «አማካይ» ነው። የምጠቅሳቸው ቁጥሮች ነገሩን ለማስረዳት የወሰድኳቸው ምሳሌዎች መሆናቸውን አስቀድሜ ልንገራችሁ።

መቶ አባወራዎች ያሉበት አንድ ሰፈር እናስብ። በዓመት ውስጥ ከመቶው አምስቱ ቤት ከባድ ሕመም ይገባል እንበል። እያንዳንዱ ሕመም ሃያ ሺህ ብር ያስወጣል። ድምሩ መቶ ሺህ ብር ነው። ለመቶ ስናካፍለው አማካዩ በቤት አንድ ሺህ ብር ይሆናል።

ነገር ግን ከእነዚህ ቤቶች አንድ ሺህ ብር የከፈለ ማን ነው? ማንም የለም። ዘጠና አምስቱ ምንም አልከፈሉም፤ አምስቱ ሃያ ሃያ ሺህ ከፍለው ተናግተዋል። አማካይ ወረቀት ላይ ያለ ቁጥር ነው፤ የማንም ቤት ሒሳብ አይደለም።

መቶዎቹ ቤቶች አስቀድመው አንድ አንድ ሺህ ብር ካዋጡስ? ያን ጊዜ ወረቀት ላይ የነበረው ቁጥር የሁሉም ቤት እውነተኛ ወጪ ይሆናል። ሃያ ሺህ ብር የሚያወጣ የለም፤ ቡናውን ሳይቀላ የሚሸጥም የለም። መድን ማለት በአጭሩ ይህ ነው። ሕመምን አያስቀርም። አንዱን ቤት ሊያፈርስ የነበረውን ሸክም ሁሉም ቤት ሊሸከመው ወደሚችል መጠን ይከፋፍለዋል።

ለምን ብዙ ሰው ያስፈልጋል?

«ታዲያ እኛ አሥር ጎረቤታሞች ሆነን ብናዋጣስ?» የሚል ጥያቄ ሊነሳ ይችላል። ደብተሩ ለዚህም መልስ አለው።

በዚያው ምሳሌ አሥር ቤቶች ብቻ ቢሰባሰቡ፣ ከአሥር ዓመት በስድስቱ ያህል አንድም ከባድ ሕመም አይገባም። በሦስት ዓመት ያህል አንድ ቤት ይታመማል፤ ለእያንዳንዱ ሁለት ሺህ ብር ይደርሳል። በአንዱ ክፉ ዓመት ግን ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ቤቶች ይታመማሉ፤ መዋጮው አራት ሺህና ከዚያም በላይ ይሆናል። በዚያ ዓመት ማኅበሩ ይፈርሳል።

መቶ ቤቶች ሲሆኑ፣ ከሃያ ዓመት በአሥራ ዘጠኙ ያህል የታማሚ ቤቶች ቁጥር ከ1 እስከ 9 ባለው ውስጥ ይወድቃል። ስለዚህ የእያንዳንዱ ድርሻ ከ200 እስከ 1,800 ብር ይዋዥቃል። አሥር ሺህ ቤቶች ሲሆኑ ግን የታማሚ ቤቶች ቁጥር ከ455 እስከ 545 አካባቢ ይሆናል፤ ድርሻውም ከ910 እስከ 1,090 ብር ብቻ ነው የሚዋዥቀው። ሰው በበዛ ቁጥር ያልታወቀው ወደ መታወቅ ይቀርባል። እገሌ ይታመም አይታመም ከአላህ በቀር የሚያውቅ የለም። ከአሥር ሺህ ቤት ስንቱ ሊታመም እንደሚችል ግን በአላህ ፈቃድ በግምት ማወቅ ይቻላል።

እድራችን ዘመናትን የተሻገረው ለምን እንደሆነም ከዚህ እንረዳለን። የቀብር ወጪ አስቀድሞ የታወቀ፣ ለሁሉም ቤት የሚቀራረብ ነው። መቶ ሰው ያለበት እድር ይችለዋል። የሆስፒታል ወጪ ግን ለአንዱ ሦስት መቶ ብር፣ ለሌላው ሃምሳ ሺህ ብር ሊሆን ይችላል። ይህን አንድ እድር ብቻውን አይችለውም። እድሩ ስለ ደከመ አይደለም፤ ቁጥሩ ስለሚያንስ ነው።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ይህ ስሌት የሚሠራው ሕመሙ በየቤቱ በተለያየ ጊዜ ሲመጣ ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ከታመሙ የቁጥር ብዛት አያድንም። ለምሳሌ የወባ ወረርሽኝን እንውሰድ። በ2024 እ.ኤ.አ. በአገራችን ወባ በኃይል አገርሽቶ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በበሽታው መያዛቸው ተመዝግቧል። እንዲህ ባለ ጊዜ በጎጀብ ቆላ የሚኖር ሰው ብቻ ተሰባስቦ ቢያዋጣ ካዝናው ወዲያው ይራቆታል። የቆላውና የደጋው ሰው አንድ ላይ ሲያዋጣ ግን ደጋው ደህና በሆነ ጊዜ ቆላውን ይደግፋል፤ ደጋው በሳንባ ምች ሲቸገር ቆላው ይደግፈዋል።

ጤነኛው ሲቀር

ልጅቷ ሦስተኛውን ነገር ያነሳችው አባቷን እያየች ነበር። ጥር ላይ የጤና መድን መዝጋቢዎች ወደ ቀበሌያቸው መጥተው ነበር። አባትም «እኛ ጤነኞች ነን፤ የታመመ ይመዝገብ» ብሎ ሸኛቸው። እናትየው የታመሙት ከአምስት ወር በኋላ ነው።

ከመቶዎቹ ቤቶች ጤነኛ የመሰላቸው ሰባዎቹ ቀርተው ሠላሳዎቹ ብቻ ቢመዘገቡ፣ አምስቱም ታማሚዎች ከእነዚህ ውስጥ ቢሆኑ ምን ይሆናል? መቶ ሺህ ብር ለሠላሳ ሲካፈል በቤት ከ3,300 ብር በላይ ይደርሳል። መዋጮው እንዲህ ሲንር ከሠላሳው ደህና የሆኑት ደግሞ ይወጣሉ። የቀሩት ድርሻ እንደገና ይጨምራል። በመጨረሻ ካዝናው ይዘጋል። ጤነኛው ሲቀር የሚጎዳው ታማሚው ነው፤ ነገ ሲታመም ደግሞ ራሱ ጤነኛው ነው።

በአገራችን ያለው አሠራር

ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በአገራችን በሙከራ ደረጃ የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. ነው። በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና ከፋ ያኔ በነበረችበት በደቡብ ክልል በሚገኙ 13 ወረዳዎች ነበር። ከዚያ በኋላ ወደ ሌሎች ወረዳዎች እየሰፋ ሄዷል። ከፋ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል አካል ስትሆን ቦንጋም ከክልሉ መቀመጫዎች አንዷ ናት።

አሠራሩ የታሰበው በገጠር ለሚኖረው አርሶ አደርና በከተማ በመደበኛ ቅጥር ለማይተዳደረው ነጋዴና የእጅ ሥራ ሰው ነው። ምዝገባው በቤተሰብ ነው፤ የታመመውን ልጅ ብቻ ነጥሎ ማስመዝገብ አይቻልም። ቅድም እንዳየነው የታመመ ብቻ ከተመዘገበ ካዝናው ስለማይቆም ነው ደንቡ እንዲህ የሆነው። መዋጮው በየዓመቱ ይታደሳል። መጠኑ ከቦታ ቦታና ከጊዜ ወደ ጊዜ ስለሚለያይ የዘንድሮውን ከቀበሌያችሁ ወይም በአቅራቢያችሁ ካለው ጤና ጣቢያ መጠየቅ ይኖርባችኋል። መክፈል ለማይችሉ ድሆች መንግሥት እንዲከፍልላቸው የሚደረግበት አሠራርም አለ።

ሕክምናው የሚጀመረው ከጤና ጣቢያ ነው። ከዚያ በላይ ሲያስፈልግ በሪፈር ወረቀት ወደ ሆስፒታል ይላካል። ቦንጋ የገብረ ፃዲቅ ሻዎ ሆስፒታል አለ፤ ከዚያ ያለፈ ሕመም ከሆነ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው ጂማ ይኬዳል። የሪፈር ወረቀት ሳይይዙ በቀጥታ ወደ ትልቁ ሆስፒታል መሄድ ተጨማሪ ወጪ ያስከትላል። ለመልክ ማሳመሪያ የሚደረግ ሕክምና፣ መነጽርና የውጭ አገር ሕክምና በዚህ መድን አይሸፈኑም።

የሸሪዓው ጥያቄ

«መድን ሐራም አይደለም ወይ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ በ1985 እ.ኤ.አ. ጅዳ ላይ ባደረገው ጉባኤ በዚህ ጉዳይ ውሳኔ አሳልፏል። ለትርፍ የቆመ ኩባንያ ቋሚ ክፍያ እየተቀበለ የሚገባው የንግድ መድን ውል ከባድ «ገረር»፣ ማለትም ውልን የሚያፈርስ ብዥታ ስላለበት የተከለከለ ነው ብሏል። በምትኩ በልግስናና በመረዳዳት ላይ የቆመውን የትብብር መድን አማራጭ አድርጎ አቅርቧል። ተካፉል የሚባለውም በዚህ መሠረት ላይ የቆመ ነው።

መረዳዳቱ ራሱ ለእኛ አዲስ አይደለም። የአሽዐሪ ጎሣ ሰዎች ስንቅ ሲያልቅባቸው ወይም በመዲና የቤተሰባቸው ቀለብ ሲያንስ፣ ያላቸውን ሁሉ አንድ ጨርቅ ላይ ሰብስበው በአንድ መስፈሪያ እኩል ይከፋፈሉ ነበር። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ይህን ሥራቸውን አወድሰው እነርሱ ከእኔ ናቸው፣ እኔም ከእነርሱ ነኝ ማለታቸው ተዘግቧል። በስህተት ሰው የገደለ ሰው የደም ካሳውን ብቻውን እንዳይሸከም ዘመዶቹ በጋራ የሚከፍሉበት የ«ዓቂላ» ሥርዓትም የዚሁ ዓይነት ነው።

ማኅበረሰብ አቀፉ የጤና መድን ትርፍ የሚካፈል ባለ አክሲዮን የለውም፤ የተዋጣው ለአባላት ሕክምና ይውላል። ይህ ከትብብር መድን ጋር የሚያመሳስለው ጉዳይ ነው። እኔ ግን ሙፍቲ አይደለሁም። ዝርዝሩን በአካባቢያችሁ ያሉ ዑለማዎችን ጠይቁ። መጠየቁ ግዴታችን ነው፤ ሳይጠይቁ «ሐራም ነው» ብሎ ቀርቶ፣ ሕመም ሲመጣ ወደ አራጣ መሄድ ግን ከምንም አያድንም።

ስለ ቅሬታዎች

«እገሌ ከፍሎ መድኃኒት የለም ተባለ» የሚል ወሬ በየገበያው ይሰማል። ደብተሩ ውስጥ «ናሙና» የሚባል ቃል አለ። ጤፍ ሊገዛ የሄደ ሰው ከጆንያው አፍ ብቻ አይዘግንም፤ ከመሐሉም ከታቹም ዘግኖ ያያል። ከአንድ ሰው ታሪክ ተነስተን ስለ ሁሉም መፍረድ ከጆንያው አፍ ዘግኖ እንደ መግዛት ነው። «እኔ አሥር ዓመት ታምሜ አላውቅም» ማለትም እንደዚሁ ነው።

ይህን ስል ቅሬታው ሐሰት ነው ማለቴ አይደለም። የመድኃኒት እጥረት አባላት አብዝተው የሚያነሱት እውነተኛ ችግር ነው። ከፍሎ መድኃኒት ያጣ ሰው በቀጣዩ ዓመት አያድስም፤ እርሱ ሲወጣ ደግሞ ካዝናው ይበልጥ ይሳሳል። ስለዚህ ዝም ብሎ መውጣት መፍትሔ አይሆንም። ከውጭ ግዙ ከተባላችሁ የታዘዘበትን ወረቀትና ደረሰኙን አስቀምጡ፤ ለወረዳው የጤና መድን ክፍል አቤት በሉ። አባላት የሚወከሉበት ጉባኤ ሲጠራ ቅሩ አትበሉ። ገንዘቡ አማና ነው፤ አማናን መጠየቅ ደግሞ መብትም ኃላፊነትም ነው።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ገንዘብ ባለበት ወር እንክፈል። የቡና ዋጋ ምን ያህል እንደሚዋዥቅ እናውቃለን። በ2001 እ.ኤ.አ. በዓለም ገበያ አንድ ፓውንድ ቡና ወደ ግማሽ ዶላር ወርዶ ነበር፤ በ2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ከ4 ዶላር በላይ ወጣ። ነገ የት እንደሚሆን አናውቅም። የነብዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) ታሪክ ለዚህ ትልቅ ትምህርት ነው፤ ለሰባቱ የድርቅ ዓመታት የተዘጋጁት በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ነበር። በኅዳርና በታኅሣሥ የቡናው ብር እጃችን ሲገባ ከልብሱና ከድግሱ በፊት የመድኑን መዋጮ ለይተን እናስቀምጥ።

ሁለተኛ፣ «ሳልታመም ገንዘቤ ቀለጠ» አንበል። ሌሊቱን ሌባ ባይመጣ ለዘበኛው የከፈልነው ባከነ አንልም። ያዋጣነው ብር አንዲት እናት በሰላም እንድትገላገል፣ አንድ ሕፃን ከወባ እንዲድን ውሏል። ኒያችንን ካሳመርን ደግሞ አጅሩ ከአላህ ዘንድ ነው።

ሦስተኛ፣ እድሮቻችንና የመስጊድ ጀመዓዎቻችን በሰፈሩ ያልተመዘገበውን ይወቁ። ዓቅም ያጣችውን ባሏ የሞተባትን እህት፣ የቲሙን ልጅ የያዘውን ሽማግሌ ስማቸው በመንግሥት ድጎማ ዝርዝር ውስጥ መኖሩን ያጣሩ። ከሌለ ከሰደቃ ተሰብስቦ ይከፈልላቸው። ተወኩል ማለት ግመሏን አስሮ ከዚያ በአላህ መመካት እንደሆነ ተምረናል። የታመመ ቤት ደጃፍ ላይ ከምንሰበስበው ይልቅ ሳይታመም የምናዋጣው ብር ያነሰ ሆኖ የበለጠ ይሠራል።

የዚያ ወንድማችን ነገር እንዴት ሆነ ትሉ ይሆናል። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ስልክ ደወለልኝ። ቡናውን በቀይነቱ ለቅሞ ሸጧል፤ ቤተሰቡንም አስመዝግቧል። «ባለቤቴ ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ። የዘንድሮውን መዋጮ ማን እንደሚታከምበት አላውቅም» አለኝ። እኔም ሁላችንም እንደማናውቅ፣ የምናዋጣውም ስለዚሁ እንደሆነ ነገርኩት።

አላህ (ሱ.ወ.) ጤናችንን ይጠብቅልን፤ የታመሙትን ያሽርልን፤ ሪዝቃችንን ሐላል፣ መረዳዳታችንን ለእርሱ ብለን የምናደርገው ያድርግልን። አሚን።